ነጋዴዋ አይጥና የቁራው ላባ

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አለኝ የእህቴ ልጅ፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት እንኳ በልጅነቱ ዜማ ነው የሚመልሰው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጠባቧ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠናል። አቦሉ ተቀድቷል። ከስኒዎቹ አጠገብ ከፋይ የለበሰ ሣጥን ተከፍቶ የምኒልክ ብሮች ተደርድረውበታል፤ ፓሪስ ተመትተው የመጡ፣ 1887 ዓመተ ምሕረት በግዕዝ አኃዝ የተቀረጸባቸው፣ እጅ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸው የሚሰማ ብሮች። ልጁ ጠርዛቸውን ብቻ ይዞ አንድ በአንድ እያነሳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ፣ የአንበሳውን የተነሳ እግር አሳየኝ። «ይቺን ስድስት ወር ነው የጠበቅኋት፣ ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፍቅሩን ወደድሁለት። ከአገሩ ርቆ ያደገ ልጅ ቅድመ አያቶቹ የጨበጡትን ብር ሲሰበስብ ማየት ደስ ያሰኛል። ያሳሰበኝ ሣጥኑ አይደለም። ቀደም ሲል ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ስስብ፣ ከሦስት ባንኮች የመጡ ያልተከፈቱ የክሬዲት ካርድ ፖስታዎች አይቼ ነበር። መሳቢያውን መልሼ ገፋሁት። ጎልማሳ ሰው ስለ ዕዳው ፊት ለፊት ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ነው ተረት ተረት ያልሁት።

እዚሁ አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቻኮ የሚባል ሸለቆ አለ። ዛሬ ገላጣ ነው። የጥንቶቹ የፑዌብሎ ሰዎች እዚያ በጠፍጣፋ ድንጋይ እየካቡ በመቶ የሚቆጠር ክፍል ያላቸውን ቤቶች ሠሩ፤ ሰማያዊውን ቱርኩዋዝ ድንጋይ ከሩቅ አገር ተሸክመው እያመጡ ዶቃና ጌጥ አደረጉት። ከዚያ ትተውት ሄዱ። ተረቴ የሚጀምረው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቤቶቹ መፍረስ ሲጀምሩ፣ በአፋፉ ላይ የነበሩት ጥድና ፒንዮን የሚባሉት ዛፎች ግን ገና ሙልጭ ብለው ሳያልቁ ነው።

በአንደኛው ፍርስራሽ ሥር አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። የእኛን ቤት አይጥ አታስባት። ዐይኗ ትልቅ፣ ጆሮዋ ሰፊ፣ ቤቷን በጭራሮ፣ በቁልቋል እሾህና በአጥንት ከምራ የምትሠራ የዱር አይጥ ናት። የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ አታልፍም። አፏ ግን የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጭራሮ ይዛ ስትሄድ የተሻለ ነገር ካየች ጭራሮውን እዚያው አስቀምጣ ያየችውን ታነሳለች። ሜዳ ላይ ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሲነሱ ማንኪያቸው ጠፍቶ በቦታው እንጨት ያገኛሉ። በዚያ አገር «ነጋዴዋ አይጥ» የሚሏት ለዚህ ነው።

አያቷ ስታሳድጋት፣ አዲስ ነገር ይዛ በገባች ቁጥር አንዲት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃት ነበር። «ያነሳሽውን አየሁ፣ ልጄ። ያስቀመጥሽው ምንድን ነው?»

አይጢቱ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሰማያዊውን ድንጋይ ነው። የሰዎቹ ዶቃ፣ የተሰበረ ጌጥ፣ ጥፍር የምታህል ፍንጣሪ። አንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሌላው ጥቁር ሥር ያለው ነው፣ ሌላው እንደ ጠዋት ሰማይ የጠራ። ሌሊት ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ትደረድራቸዋለች። ይህን ደስታ ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም፤ የሚያውቀውም ማስረጃ አያሻውም። ድንጋዮቹን የሚያወጣው አያ እንሽላሊት ነበር፤ ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ከግንቡ ስንጥቅ ይፈለቅቃል፣ በፒንዮን ፍሬም ይሸጣል። እሷም 50 ፍሬ ስታጠራቅም 50 ፍሬ አስቀምጣ አንድ ድንጋይ ታነሳለች። በዓመት አራት ወይም አምስት ድንጋይ ቢሆንላት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ቁራ መጣና ጥቁር ላባ ሰጣት።

«እመት አይጥ፣ ይህን ለእንሽላሊቱ ብታሳዪው የፈለግሽውን ይሰጥሻል። ፍሬውን እኔ እከፍለዋለሁ። ጨረቃ ስትሞላ መጥቼ የወሰድሽውን ቆጥሬ እነግርሻለሁ። ከዚያ በኋላ 21 ሌሊት አለሽ። በ21ኛው ሌሊት ሁሉንም ከቆጠርሽልኝ አንዲት ፍሬ አልጨምርብሽም።»

«ባይሞላልኝስ፣ አያ ቁራ?»

«ትንሽ ትንሽ ትሰጪኛለሽ። በቀረው ላይ በየጨረቃው ከመቶ ሁለት እጨምራለሁ።»

«እዚህ ያለውም እንዲሁ ነው እኮ» አለ የእህቴ ልጅ። «ቢሉን ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድመው መላክ አለባቸው።»

«እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ነው ያዘዛቸው» አልሁት። «የቁራው ከመቶ ሁለትም በዓመት ሲታሰብ ከመቶ 24 ነው። ያንተዎቹ ስንት ናቸው?»

ስኒውን አነሳና አልመለሰልኝም።

ልብ በል፣ ቁራው አልዋሸም። ሁሉንም ነግሯታል። ላባውም በራሱ ክፉ አልነበረም፤ የዘራፊ ፍርሃት ባለበት ሸለቆ ፍሬ ተሸክሞ ከመሄድ ላባ ይዞ መሄድ ይሻላል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በዚያች ሌሊት አይጢቱ ወደ እንሽላሊቱ ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ባዶ ነበር። ያስቀመጠችው ነገር ሳይኖር አንድ ድንጋይ አነሳች። በማግስቱም ሁለት አነሳች። ጨረቃዋ ሳትሞላ አሥር ድንጋይ ቤቷ ገባ። በዚያ መኸር ግን ፒንዮኑ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበርና፣ ቁራው ሲመጣ 500 ፍሬ ቆጥራ ሰጠችው። ቁራው አመሰገናት፤ በሚቀጥለው ጨረቃ እስከ 1,000 ፍሬ ድረስ መውሰድ እንደምትችልም ነገራት። እሷ ይህን እንደ ክብር ቆጠረችው።

ሸለቆውም እንደ ክብር ቆጠረው። ቁራው ብዙ ለሚወስዱት ጫፉ የሚያብረቀርቅ ላባ ይሰጣቸው ጀመር፤ ያንን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚሄደውን ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። ላባ የሌላት ባልቴቷ ካንጋሮ አይጥ ብቻ ነበረች። ይህች ፍጥረት በበረሃ ውኃ ሳትጠጣ ከምትበላው ዘር በምታገኘው እርጥበት የምትኖር ናት፤ ብድርም አልለመደባትም። ለጎጆዋ ሣር ልትገዛ ስትሄድ ግን ትናንት 100 የነበረው 103 ሆኖ ጠበቃት። እንሽላሊቱ ላባ በታየ ቁጥር ከመቶ ሦስት ለቁራው ይከፍላል፤ ከኪሱ እንዳይሆን ደግሞ ዋጋውን በሁሉም ላይ ከፍ አደረገው። ቁራውም ከዚያ ላይ አንዳንድ ፍሬ እያነሳ ላባ ለያዙት «ስጦታ» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ከባልቴቷ የወጣው ፍሬ ተመልሶ ጆሮው ላይ ላባ የሰካው ጋ ገባ ማለት ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። በጥሬ ገንዘብ የሚኖር ድኻ የባለ ካርዱን ሽልማት አብሮ እንደሚከፍል በየገበያው ስንቱ ሰው ያውቃል?

ከላባ ያዦች መካከል አንድ ሰማያዊ ወፍ ነበር፤ ፒንዮን ጄይ ይሉታል። ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ እየተሸከመ በመኸር በሺህ የሚቆጠር ቀብሮ፣ በክረምት የቀበረበትን አስታውሶ የሚያወጣ ወፍ ነው። ላባውን ዓመታት ይዞታል፣ ቁራው ግን አንዲት ፍሬ ጨምሮበት አያውቅም። ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው አልነበረም። እመት አይጥም አልጠየቀችውም፤ ፍሬ በዝቶ የለ!

ፒንዮን ግን በየዓመቱ አያፈራም። ፍሬው ለመብሰል ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፣ ደህና ምርት የሚሰጠውም በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መኸር ዛፎቹ ባዶ ቆሙ። እመት አይጥ በዚያን ጊዜ የቁራው 1,000 ፍሬ ዕዳ ነበረባት።

«25 ብቻ ስጪኝ፤ ለዚህ ጨረቃ ይበቃል» አላት ቁራው። እፎይ አለች። 25 ፍሬ በአንድ ሌሊት የሚለቀም ነው። ከዚያች 25 ውስጥ ግን 20ዋ የጨመረባት ነበረች። ከዕዳዋ የተነሳላት 5 ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን 1,000ውን ለመጨረስ 82 ጨረቃ ያስፈልጋታል፤ ስትጨርስ የከፈለችው ከ2,000 ፍሬ በላይ ይሆናል። 82 ጨረቃ ከስድስት ዓመት ተኩል በላይ ነው። የእሷ ዘር ደግሞ በዱር ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ዓመት አያልፍም። ዕዳው ከዕድሜዋ ረዝሟል ማለት ነው፤ ይህን ቆጥሮ የነገራት ግን አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ስኒውን አስቀመጠ። «ሚኒመም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ተነስቼ ቶናውን ቀዳሁ።

ሌላም ያልጠበቀችው ነገር መጣ። በዚያው ሰሞን ጥቁር ሥር ያለው ውብ ድንጋይ አየች፤ «መቼም 21 ሌሊት አለኝ» ብላ ወሰደችው። ጨረቃ ስትሞላ ቁራው ከወሰደችበት ሌሊት ጀምሮ ቆጥሮ ጨመረባት። «21ዱ ሌሊትስ?» ብላ ጮኸች። «እሱ ያለፈውን አጠናቅቆ ለከፈለ ነው» አላት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ዕዳ ከተንጠለጠለ አዲሱ ግዢ የእፎይታ ቀን የለውም፤ ካርዱ ከተፋቀባት ቀን ጀምሮ ወለድ ይሮጣል።

ድንጋዮቿን ልትሸጥ ሄደች። እንሽላሊቱ በ50 የሰጣትን በ20 እወስዳለሁ አላት።

«አንተው እኮ ነህ በ50 የሸጥህልኝ!»

«ገዢ በነበረ ጊዜ ነዋ፣ እመት አይጥ። ዛሬ ሁሉም ሻጭ ነው። ድንጋይ ደግሞ አይበላም።»

ከዚያ ሌላ ቁራ መጥቶ ዕዳዋን ወደ እሱ ብታዛውር ለ12 ጨረቃ ምንም እንደማይጨምርባት፣ ለማዛወሪያው ብቻ ከመቶ ሦስት እንደሚቀበል ነገራት። መንገዱ መጥፎ አልነበረም፤ አዲስ ድንጋይ መውሰድ ለሚያቆምና ዕዳውን በ12 ከፍሎ ለሚገፋ ይጠቅማል። እሷ ግን ገና አላቆመችም ነበር፤ ሁለት ላባ መያዝ ብቻ ነው የሚሆንባት። ደግነቱ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ወደ ሰማያዊው ወፍ ሄደች።

ወፉ አልገሠጻትም። ተከትሏት መጣና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየ። አንዱን በመንቁሩ አንስቶ ወደ ጨረቃ አዙሮ አየው፣ ወደደውም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ውብ ነገሯን ለሚያስተውል ዐይን አሳየችና ልቧ ሞላ። ከዚያ ጠየቃት።

«ይህን ስታነሺ ያስቀመጥሽው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

የአያቷ ድምፅ የመጣ መሰላት። «ምንም» አለች። «ላባውን ብቻ ነው ያሳየሁት።»

«ደግመሽ እዪው።»

አየችው። ለዚያ ድንጋይ ያስቀመጠችው የክረምቱን ስንቅ ነበር። ለሚቀጥለው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያፈሰውን ጣራ። ጥቁር ሥር ላለው፣ ገና ጡት የጣለችውን ልጇን ድርሻ። ያስቀመጠችው ነገር ሁልጊዜ ነበረ። ላባው አላስቀረውም፤ አዘገየው እንጂ። ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደምታስቀምጥ የምትመርጠው እሷ መሆኗ ቀረ።

ያን ሌሊት አለቀሰች። ወፉም እስክትጨርስ ጠበቀ፤ መካሪ ያለቀሰን ሰው ካልጠበቀ ምክሩ ምን ይሠራል? ከዚያ በጥድ ሥር ያለ ጉድጓድ አሳያት። «እኔ ላባውን ከማሳየቴ በፊት ፍሬውን እዚህ እከታለሁ። የድንጋዩን ዋጋ ሲያክል ብቻ እሄዳለሁ። ቁራው ሲመጣ ከሱ በፊት ፍሬው ደርሷል። ይኸው ነው።»

ላባዋን ከባድ ድንጋይ ሥር ከተተችው። ከሰበሰበችው ውስጥ ተመሳሳይ የሆኑትን፣ ባታያቸው የማይናፍቋትን 12 ድንጋይ ለየች። በ20 ሂሳብ 240 ፍሬ አገኘችባቸው፤ ኪሳራው አንጀቷን በላው፣ ግን በወሰደችበትና በሸጠችበት ዋጋ መካከል ያለውን ያን ክፍተት ዳግመኛ አልረሳችም። ለመጨረሻው ድንጋይ የስንቋን ቅሪት ጠርጋ ሰጠች። ከዕዳዋ 760 ያህል ቀረ። ከዚያ በየጨረቃው 25 ሳይሆን 50 መስጠት ጀመረች። የቁልቋል ቅጠልና የጥድ ፍሬ እየበላች ፒንዮኑን ለዕዳው ተወች። ከባድ ነበር፤ አላሳንሰውም። በ19ኛው ጨረቃ ዜሮ ሆነ።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣና ማስላት ጀመረ። ተውሁት። 760 በ25 ቢሆን ስንት እንደሚፈጅ አስልቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ 48 ጨረቃ ነው።

ከዚያ በኋላ እመት አይጥ መሰብሰብ ተወች ብዬ ብነግርህ ዋሸሁ። እንሽላሊቱ አንድ ቀን ውኃ የመሰለ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የሌለችበት ድንጋይ አወጣ። ዋጋው 60። እሷም በየሌሊቱ አሥር ፍሬ ጥዱ ሥር ከተተች። በሦስተኛው ሌሊት አንድ የሜዳ እንሽላሊት ሊገዛው መጥቶ ሲያገላብጠው ስታይ ልቧ ዘለለ። ላባው ያውልሽ የሚል ሐሳብ መጣባት። ሄዳ ጉድጓዱን አየች፤ 30 ፍሬ። ተመልሳ ጭራሮ ለቀመች። በስድስተኛው ሌሊት ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነበር። ባይኖርስ? ባይኖር ያን ሌሊት በሐዘን ታድር ነበር፣ 60 ፍሬዋ ግን ጥዱ ሥር አለ።

ላባዋን አሳይታ ወሰደችው። ቁራው ሲመጣ ጉድጓዱን አሳየችው፤ ቆጥሮ ሄደ።

የእነዚህ አይጦች ጎጆ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የከመሩትን ሁሉ ሽንታቸው እንደ ሙጫ ደርቆ ያጣብቀዋል፤ በዋሻ ጥግ ደረቅ ቦታ ከሆነ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዓመት ይቆያል። ቻኮ ውስጥም ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉ ክምሮችን ፈልፍለው የጥድ ቅጠልና የፒንዮን ቅርፊት አገኙ፤ ዛሬ ገላጣ በሆነው ሸለቆ ዛፍ እንደነበረ ያወቁት ከዚያ ነው። አይጧ ያነሳችውም ያስቀመጠችውም ተጽፎ ይቆያል። የሰውን ካርድ የሚመዘግቡትም አይረሱም፤ እዚህ አገር ዘግይቶ የተከፈለ ቢል ከመዝገብ የሚፋቀው ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ዝም አልሁ። በረካው ፈልቷል።

«ማንኪያ ስትፈልግ መሳቢያውን ከፍተሃል አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ከፍቻለሁ።»

ተነሳና ፖስታዎቹን አመጣ። የመጀመሪያውን ለመቅደድ እጁ ትንሽ ዘገየበት። ገጹን ገልጬ ሕጉ እንዲጽፉ ያስገደዳቸውን ሣጥን በጣቴ አሳየሁት፤ ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍል ስንት ዓመት፣ በ36 ወር ልትጨርስ ብትፈልግ በወር ስንት። ሁለቱን ቁጥሮች ድምፁን ሳያሰማ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበባቸው። ሁለተኛውን ፖስታ ራሱ ቀደደ፣ ሦስተኛውንም።

ከዚያ ከፋይ የለበሰውን ሣጥን ወደ ራሱ ሳበና ብሮቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ስድስት ወር የጠበቃትን አልነካትም። ከጎኗ ካሉት አንዷን ጠርዟን ይዞ አነሳ።

«ይቺ ሁለት አለችኝ» አለና ፖስታው ላይ አስቀመጣት።